ከፎቶግራፉ ጀርባ የተጻፈው አድራሻ

ሄርንደን፣ ቨርጂኒያ



ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ ዛሬ የምናነሣውን ጉዳይ ብዙዎቻችን ከምናስታውሰው ታሪክ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም አንድ ዘገባ ለሕዝብ አቀረበ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊንስፓይ የተባለው ሰላይ ሶፍትዌር ኢትዮጵያውያንን ለማጥመድ ውሎ እንደነበር፣ ለማጥመጃነት ያገለገሉትም የግንቦት 7 ንቅናቄ አባላት ፎቶግራፎች እንደነበሩ፣ የተሰረቀው መረጃ የሚጓዝበት ማዘዣ ኮምፒዩተርም በኢትዮ ቴሌኮም መረብ ውስጥ ተቀምጦ እንደተገኘ ዘገባው አስረዳ። ፋይሉን የከፈተው ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ ያየው የሚያከብራቸውን የትግል ሰዎች ምስል ነበር። ከምስሉ ጋር ሰተት ብሎ የገባውን ሰላይ ግን አላየውም።

ይህ ወሬ እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ከሩቅ የተሰማ ወሬ አልነበረም። ከእኛ ከሄርንደን የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ወገናችን ኮምፒዩተር በዚሁ ሶፍትዌር ተጠቅቶ ከ2012 መገባደጃ ጀምሮ ለወራት ሲበረበር ከርሟል። የስካይፕ ንግግሩ ተቀድቷል፣ ደብዳቤው ተነብቧል፣ ቤተሰቡ በኢንተርኔት የፈለገው ሁሉ ተመዝግቧል። ሰውየው ለቤተሰቡ ደህንነት ሲል «ኪዳኔ» በሚል ስም፣ በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች አማካይነት በፌብሩዋሪ 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ ከሦስት ዓመት ክርክር በኋላ በማርች 2017 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። ምክንያቱም የሚገርም ነው። በደሉ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፤ ስለላው የታሰበውና የታዘዘው ከባሕር ማዶ ነውና የውጭ መንግሥትን ያለመከሰስ መብት መሻር አይቻልም ተባለ። ሰውየው ያለው እዚህ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ያለው እዚህ ነው፣ በዳዩ ግን በሩቅ ስለሆነ አይጠየቅም ማለት ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዲሴምበር 2013፣ በአሌክሳንድሪያና በብራስልስ ይሠሩ የነበሩ የኢሳት ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም ከተባለው የጣሊያን ኩባንያ በተገዛ መሣሪያ ዒላማ ተደረጉ፤ ጥቃቱ በ2014 መጨረሻም ተደገመ። በጁላይ 2015 የኩባንያው የራሱ ምሥጢር ተዘርፎ ዓለም ሲያነበው የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ማለትም ኢንሳ፣ ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። በዲሴምበር 2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን ሲትዝን ላብ እንደገና አጋለጠ።

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን አሮጌ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ ስደተኛው ወገናችን አንድ ትምህርት በሚገባ ቀስሟል። ከማያውቀው ሰው የመጣ ፋይል አይከፍትም። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ጥንቃቄው ሁሉ ወደ እኛ በሚመጣው ላይ አርፎ፣ ከእኛ እጅ ስለሚወጣው ማሰብ ቀርቷል። ጠላት በፎቶግራፍ ውስጥ ሰላይ ደብቆ ሲልክልን ነቅተናል፤ እኛው ራሳችን በምናሠራጨው ፎቶግራፍ ውስጥ የወገናችን አድራሻ ተደብቆ ሲወጣ ግን የሚነቃ ጥቂት ነው።

ነገሩን ለማያውቁት እናብራራ። በዘመኑ ስልክም ሆነ በካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ በዐይን ከሚታየው ምስል በተጨማሪ በፋይሉ ውስጥ የተሰፋ የጽሑፍ መዝገብ አለው። ባለሙያዎች ኤክሲፍ ይሉታል፤ የጃፓን ካሜራ ሠሪዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጡት ደንብ ነው። የታሰበውም ለክፋት አልነበረም። ፎቶ አንሺው ምስሉን በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ካሜራ፣ በምን ያህል ብርሃን እንዳነሣው እንዲያስታውስ ነበር። ስልኮች ጂፒኤስ ሲገጠምላቸው በዚሁ መዝገብ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ አንዳንዴም ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ ጭምር ይታከሉበት ጀመር። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ስፍራ ስሕተቱ ከጥቂት ሜትር አይበልጥም። ብዙ የባለሙያ ካሜራዎች ደግሞ መለያ ቁጥራቸውን፣ ባለቤቱ አስገብቶ ከሆነም ስሙን ይጽፋሉ። ይህን ለማንበብ ኢንሳ መሆን አያስፈልግም፤ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ያለው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሁለት ደቂቃ ያነበዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በመዝገቡ የተጻፈው አድራሻ የሚያመለክተው ፎቶ የተነሣውን ነገር ሳይሆን ያነሣውን ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ የሚኖር አንድ መምህር፣ ለምሳሌ፣ በመንገዱ ማዶ ወጣቶች ሲደበደቡ በመስኮቱ መጋረጃ ሥር አጮልቆ ያነሣል እንበል። በምስሉ ላይ የሚታየው መንገዱ፣ ዱላውና ወጣቶቹ ናቸው። የመምህሩ ፊት የለም፣ ስሙ የለም፣ ድምፁ የለም። መዝገቡ ግን የሚናገረው ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለዚያ ቤት ነው፤ አቅጣጫውም ከተጻፈ በየትኛው ወገን ባለው መስኮት እንደሆነ ይጠቁማል፤ ሰዓቱም እስከ ሴኮንዱ ተቀምጧል። ፖሊስ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ በሩን ማንኳኳት ብቻ ነው። የፎቶግራፉ አሠራጭ ግን ሄርንደን ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ «ማንነቱ በምሥጢር ይያዝልኝ ያለ የዐይን ምስክር የላከልን» ብሎ ጽፎበታል።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ ዕውቀት ማጣት አይደለም። በዲሴምበር 2012 ከፖሊስ ይሸሽ የነበረውን የሶፍትዌር ነጋዴ ጆን ማካፊን አጅበው ይጓዙ የነበሩ የቫይስ መጽሔት ጋዜጠኞች፣ ከእርሱ ጋር መሆናቸውን ለማሳየት በኩራት ያወጡት ፎቶግራፍ የአይፎን ስልኩን አድራሻ ይዞ ወጣ። ሰውየው ጓቲማላ ውስጥ የት እንዳለ ዓለም ወዲያው አወቀ፤ በቀናት ውስጥም ተያዘ። የአሜሪካ ጦር ራሱ በ2012 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንደገለጸው፣ በ2007 ኢራቅ ውስጥ አዲስ የደረሱ ሄሊኮፕተሮችን ወታደሮች አንሥተው በኢንተርኔት ሲለጥፉ ጠላት ከፎቶው ላይ ስፍራውን አንብቦ በሞርታር አራት አፓቼ ሄሊኮፕተሮችን አወደመ። የዓለም ኃያል ሠራዊት የዘነጋውን የደብረ ማርቆሱ መምህር ባያውቅ አይፈረድበትም። ማወቅ ያለበት ተቀብሎ የሚያሠራጨው ነው።

«ፌስቡክ ያጠፋዋል፣ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚሉን አሉ። ከፊል እውነት ነው። ፌስቡክና ኤክስ ለተመልካች ከሚያሳዩት ቅጂ ላይ ይህን መዝገብ ያነሣሉ። ዋትስአፕና ቴሌግራምም ፎቶግራፍ እንደ ፎቶግራፍ ሲላክባቸው አሳንሰው ስለሚልኩት መዝገቡ ይራገፋል። ነገር ግን በእነዚሁ በዋትስአፕና በቴሌግራም ያው ፎቶግራፍ እንደ ፋይል ወይም እንደ ሰነድ ከተላከ ሳይነካ ከነመዝገቡ ይደርሳል። በኢሜይልም እንዲሁ። በእኛ ጎራ ያሉ አንዳንድ ገጾች ደግሞ ከሀገር ቤት ለሚልክላቸው ሰው ዘወትር የሚሰጡት መመሪያ «ጥራቱ እንዳይበላሽ በፋይል መልክ ላኩልን» የሚል ነው! ጥራቱ አይበላሽም፣ እውነት ነው። አድራሻውም አይበላሽም። ከዚያ ፋይሉ በዚያው መልኩ ወደ ሺህ ሰዎች ይተላለፋል፤ ከሺሁ መካከል ማን ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ከተመልካች የተሰወረ ሁሉ ጠፍቷል ማለትም አይደለም። ፌስቡክ ፎቶግራፉ ስለተነሣበት ስፍራና ጊዜ የተጻፈውን እንደሚሰበስብ በራሱ የግላዊነት መመሪያ ይናገራል። እኛ የሄርንደን ሰዎች ደግሞ ይህ መረጃ የት እንደሚያድር በዐይናችን እናያለን። ከከተማችን በስተ ምዕራብ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አልፎ በአሽበርን መስኮት አልባ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ በዓለም ትልቁ የመረጃ ማእከላት መናኸሪያ ነው። ከጎንደር በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ቤታችን ከመድረሱ በፊት ጎረቤታችን ሊያድር ይችላል። እዚያ ሲያድር የሚገዛው የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ስለ አሜሪካ ሕግ ደግሞ የኪዳኔ ጉዳይ ያስተማረን ይበቃል።

ከሁሉ የከበደው ነጥብ ወደ ሀገር ቤት ስንመለስ የሚገኘው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በማርች 2014 ባወጣው ዘገባ፣ በኢትዮጵያ የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ክፍል ውስጥ የስልክ ንግግራቸው እየተሰማ፣ ከባሕር ማዶ የተደወለላቸው ቁጥር እየተቆጠረ እንደተጠየቁ መስክረዋል። የውጭ ቁጥር ብቻውን ወንጀል ነበር። በዚያው ዓመት በኤፕሪል የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች ታስረው በፀረ ሽብር አዋጁ ቁጥር 652/2001 ሲከሰሱ፣ ዐቃቤ ሕግ ከክሱ ውስጥ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ መረጃቸውን ከሰላይ ለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በሌላ አባባል፣ በርን መዝጋት መማር ሌብነትን ማሴር ተደርጎ ተቆጠረ። በኦክቶበር 2016 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ ደግሞ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት፣ እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት ከለከለ፤ ያ ምልክት ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ በኦገስት 2016 ለዓለም ያሳየው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ እጁን አጣምሮ የተነሣ ወጣት ሁሉ ፎቶግራፉ ማስረጃ ሆነበት፤ ቀኑና ስፍራው የተጻፈበት ፎቶግራፍ ደግሞ የተሟላ የክስ መዝገብ ሆነ።

«ያ ያለፈ ሥርዓት ነው» የሚለውን መከራከሪያ አናጣውም። በ2018 እስረኞች ተፈተዋል፣ ግንቦት 7 ከአሸባሪነት መዝገብ ተሰርዞ ኋላም በ2019 ወደ ኢዜማ ተዋሕዷል፣ ስደተኛው በቦሌ በአበባ ጉንጉን ተቀብሏል። እኛም ተደስተን ነበር። ነገር ግን መሣሪያውን የገዛው ተቋም አልፈረሰም፤ ስሙ ከኤጀንሲ ወደ አስተዳደር ተለወጠ እንጂ። የዛሬው ጠቅላይ ሚኒስትርም በኢንሳ ምሥረታ ከተሳተፉት መኮንኖች አንዱ እንደነበሩ ራሳቸው የሚኮሩበት ታሪካቸው ነው። በትግራይ ጦርነትም ሆነ ከኦገስት 2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ግጭት፣ በየኬላው ስልክ ተከፍቶ የፎቶ ማኅደር ሲበረበር ያላየ ወይም ያልሰማ የሀገር ቤት አንባቢ ያለን አይመስለንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በወረቀት ላይ መልካም ነገር ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመንግሥት አካል ሆኖ ሳለ፣ በመስኮት አጮልቆ የመንግሥትን በደል ያነሣ ዜጋ ከዚያ ደጃፍ ከለላ ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለዚህ ለወቀሳችን አድራሻ እናብጅለት። የምንወቅሰው አገዛዙን ብቻ አይደለም፤ የአገዛዙ ጠባይ የታወቀ ነው። ወቀሳችን በስደት ያለውን አሠራጭ ይመለከታል። «ሰበር ዜና» ብሎ ከሌላው ገጽ በአምስት ደቂቃ ለመቅደም ሲል የመጣለትን ሳይመረምር የሚለጥፍ ሰው፣ ጀግንነቱ ከኪሱ ሳይሆን ከሌላው ሰው ደም የሚከፈል ነው። እርሱ በማግስቱ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል፤ ማታ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ቡናውን ይጠጣል። የላከለት ሰው ድንገት መልስ መስጠት ሲያቆም «ኔትወርክ ተዘግቶ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ኔትወርክ የሚዘጋባት ሀገር ስለሆነች ይህ ማመካኛ ለኅሊና ምቹ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ከእኛው ወገን የሚነሣ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ አለ፤ ይህን ግን በአክብሮት እንመልሰዋለን። «ፎቶግራፉን ከቀኑና ከስፍራው ካራቆታችሁት፣ ነገ አገዛዙ ‹ይህ የሌላ ሀገር ምስል ነው› ሲል በምን ትረቱታላችሁ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ምስል ማስረጃ መሆኑን እዚሁ ዋሽንግተን አይተናል። በሴፕቴምበር 2014 በኢትዮጵያ ኤምባሲ ቅጥር ግቢ አንድ የኤምባሲው ባልደረባ በተቃዋሚዎች ፊት ሽጉጥ ሲተኩስ በቪዲዮ ባይቀረጽ ኖሮ ማን ያምን ነበር? ሰውየው ያለመከሰስ መብቱ ሳይነሣ ከሀገር ወጣ እንጂ፣ ድርጊቱን መካድ ግን አልተቻለም። በትግራይ ማኅበረ ዴጎ የታጠቁ ሰዎች ያልታጠቁ ወንዶችን ከገደል አፋፍ ሲገድሉ የሚያሳየው ቪዲዮ በ2021 ሲወጣም፣ ቢቢሲና ሌሎች መርማሪዎች የተራራውን ጫፍ ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ስፍራውን አረጋግጠዋል።

ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «እንዳለ ልጠፉት» የሚል አይደለም። ሁለት ቅጂ ይኑር ነው የምንለው። አንዱ ለሕዝብ የሚወጣው፣ መዝገቡ የተራገፈ፣ ፊቶቹ የተሸፈኑ፤ ሁለተኛው ሳይነካ የሚቀመጥ፣ ለነገ ፍርድ ቤት የሚጠበቅ። ተቀባዩ ዋናውን አይቶ ስፍራውንና ሰዓቱን ማጣራት ይችላል፤ ለአንባቢም «አረጋግጠናል» ብሎ በስሙ መመስከር ይችላል። በዓለም አቀፍ ደረጃም ሁለቱን ፍላጎት ለማስታረቅ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። የዓለም አቀፉ የጠበቆች ማኅበር በ2015 ያስጀመረው «አይዊትነስ» የተባለው የስልክ ፕሮግራም፣ የስፍራና የጊዜ መረጃውን ከምስሉ ጋር በምሥጢር ቆልፎ ወደ ራሱ ማኅደር ይልካል እንጂ ለአደባባይ አይበትነውም። አንባቢ ማስረጃ የሚፈልገውን ያህል ላኪው ሕይወቱን ይፈልገዋል፤ ሁለቱን ማሟላት በሚቻልበት ጊዜ አንዱን መሠዋት ስንፍና ነው።

ተግባሩ ከባድ አይደለም። በሀገር ቤት ያለህ ወንድማችንና እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የስልክህን ቅንብር ከፍተህ ካሜራው የምትገኝበትን ስፍራ እንዳያውቅ ከልክለው፤ ይህ በአይፎንም በአንድሮይድም አለ። ያነሣኸውን ከመላክህ በፊት የፎቶውን ስክሪንሾት አንሥተህ ስክሪንሾቱን ብትልክ የመጀመሪያው መዝገብ አብሮ አይሄድም። ሲግናል በተባለው መልእክት መላላኪያ የሚላክ ፎቶግራፍ መዝገቡ በራሱ ይራገፋል፤ ከ2020 ጀምሮም ፊት መሸፈኛ ተጨምሮለታል። ቪዲዮም እንደ ፎቶግራፍ ስፍራ እንደሚመዘግብ አትርሳ። ስልክህ በኬላ ሊፈተሽ እንደሚችል ካሰብክ ደግሞ፣ የላክኸውን ከማኅደሩ ብቻ ሳይሆን «የተሰረዙ» ከሚለው ክፍልም አጥፋ፤ ብዙ ስልኮች የተሰረዘን ምስል ለሠላሳ ቀን ያህል እዚያ ያቆዩታልና።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና፣ መዝገቡን ማራገፍ ሁሉን እንደማይፈታም መናገር አለብን። ከማኅበረ ዴጎ እንዳየነው ተራራ ራሱ ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የመስጊድ ማማ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የባጃጅ ሰሌዳ፣ በግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላ ስፍራና ሰዓት ይጠቁማሉ። ፊትን በማደብዘዝ ፋንታ በጥቁር መሸፈን ይሻላል፤ የደበዘዘ ነገር አንዳንዴ መልሶ ይገለጣልና። ቆርጠን የጣልነው የምስሉ ክፍል እንኳ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ በ2023 በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ በተገኘ ጉድለት፣ ለዓመታት ተቆርጠው የተላኩ ስክሪንሾቶች የተቆረጠው ክፍላቸው በፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ተገኝቷል። ከዚህም የረቀቀ አለ። በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 እንዳሳዩት፣ የጠመንጃ አፈሙዝ በጥይቱ ላይ የራሱን ጭረት እንደሚተው ሁሉ እያንዳንዱ ካሜራ በምስሉ ላይ የራሱን ደቃቅ ምልክት ይተዋል። በአንድ ስልክ የሠርግ ፎቶግራፍ በስምህ ለጥፈህ በዚያው ስልክ የተደበቀ ምስክርነት ብትልክ፣ አቅሙና ትዕግሥቱ ያለው ሁለቱን ሊያገናኛቸው ይችላል። ለምስክርነት የሚያገለግል ስልክ ለቤተሰብ ፎቶ ባያገለግል መልካም ነው፤ ሁለት ስልክ ለመያዝ አቅሙ የሌለው ወገን ብዙ መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህም ነው ሸክሙ በተቀባዩ ላይ ይውደቅ የምንለው።

ለስደት ገጾች፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ለሰብአዊ መብት ማኅበራት ጥያቄያችን የተወሰነ ነው። ፎቶግራፍ ላኩልን ከሚለው ማስታወቂያችሁ ሥር፣ እንዴት እንደሚላክ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይጻፍ። የመጣው ፋይል ከመውጣቱ በፊት መዝገቡን የሚፈትሽ በስም የታወቀ አንድ ሰው ይመደብ። ዋናው ቅጂ በተቆለፈ ዲስክ ከኢንተርኔት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ቁልፉም በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን። የላኪው ስምና ስልክ ከፎቶው ጋር በአንድ ስፍራ አይቀመጥ። ይህን ለማድረግ አቅም የሌለው ገጽ ፎቶግራፍ ከሀገር ቤት መቀበሉን ቢተው እንመርጣለን፤ ይህን ስንል የሚቆጣን እንደማይጠፋ እያወቅን ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የተነሡት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን በነበሩ የስደት ገጾች ወጥተው ነበር። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ምክትል ሰብሳቢው ተሰድደው ይፋ እንዳደረጉት 193 ሲቪሎች የተገደሉበት ጉዳይ ነው። ከእነዚያ ገጾች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ የቀሩትም ምስሎች ደጋግመው የተቀዱ፣ ያነሱና የደበዘዙ፣ ቀንና ስፍራቸው የጠፋ ናቸው። በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ በምድር ቤቱ፣ በአሮጌ ኮምፒዩተር ወይም በሲዲ ላይ ዋናውን ፋይል እንደመጣ ያስቀመጠ ወገን ካለ እባክህ አትጣለው፣ አትለጥፈው፣ «ላጽዳው» ብለህም አትንካው። በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ቅዳው፤ ማን እንደላከልህና መቼ እንደደረሰህ የምታስታውሰውን በወረቀት ጽፈህ ከዲስኮቹ ለይተህ አስቀምጥ፤ የላከው ሰው በሕይወት ካለም ከማንም አስቀድሞ እርሱን ጠይቀው።